ከጋፋት እስከ መተማ፦ የወገዳ ሠራተኛና የሥራ ደኅንነት ሕግ

በዚህ ጽሑፍ ወገዳ የምንለው ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ያቀፈውን የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ምድር ነው። ራስጌው ጉና፣ ግርጌው በሽሎና ዓባይ ነው። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ነገር ግን መሬቱ ገደላማ፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ የአንዱ አባወራ ይዞታም ለልጅ ለልጅ ሲቆረስ የጠበበ ስለሆነ፣ ሰዉ ጉልበቱን ይዞ ሌላ አገር መሄድ ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኗል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ የሥራ ደኅንነት ታሪክ የፋብሪካ ታሪክ አይደለም። የመድፍ ጎታቹ፣ የመንገድ ቆራጩ፣ የእርከን ሠሪው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የሰሊጥ አራሚና አጫጅ ታሪክ ነው። ሕጉ ግን አዲስ አበባ ላይ፣ በዋናነት ለፋብሪካ ሠራተኛ ታስቦ ተጻፈ። ሕጉና ይህ ሠራተኛ ለመገናኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተገናኙም።

በአካባቢው በጽሑፍ ከተመዘገቡት ታላላቅ የጉልበት ሥራዎች ቀዳሚው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሡ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት የመድፍ መሥሪያ አቋቋሙ። ሥራውን እንዲመሩ የተደረጉት ከአውሮፓ ለስብከት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ድንጋይ የተሸከመው፣ ከሰል ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው ግን ያገሩ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ የማቅለጥ ሙከራዎች ከሽፈዋል። የቀለጠ ብረትና እርጥበት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በአግባቡ የሚያውቅ ሰው በቦታው ስላልነበረ፣ ትምህርቱ የተገኘው በሥራው መካከል ነው። በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርስ ታላቅ መድፍ ተሠራ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱ በጋይንት አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ የሚወስድ ነበር። መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱና ተከታዩ ሕዝብ እየቆረጠ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደሉን እየደለደለ ሄደ። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። መድፉ ቁልቁለት ላይ እንዳያመልጥ በጠፍር ከኋላ እየተያዘ ይወርዳል፤ ዐቀበት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይስበዋል። በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ መውጣት ብቻውን ሳምንታት ወሰደ። መቅደላ የተደረሰው በመጋቢት ወር ነው።

በዚያ ጉዞ ላይ ሠራተኛው መብት የሚባል ነገር አልነበረውም። የደከመው ለማረፍ፣ የፈራው ለመመለስ ፈቃድ ማግኘት አይችልም፤ ከሥራው መለየት ክህደት ሆኖ ይቆጠር ነበር። የተጎዳውን የሚጦር ካለ ዘመዱ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ሴባስቶፖልን ሲያነሡ የንጉሡን ጽናት ማድነቃቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጠፍሩን የያዙት ሰዎች ስም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ስንቱ በመንገድ እንደቀረም የቆጠረ የለም።

ከቴዎድሮስ በኋላም የነበረው ሥርዓት ይኸው ነው። ገባሩ የባላባቱን ሁዳድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ ከሌለም የጉዳት ካሳ አይታሰብም። ሰው ከሰው ጋር የሚረዳዳበት መንገድ ግን ነበር። ወንፈልና ደቦ የታመመውን፣ ባል የሞተባትን፣ አቅም ያነሰውን ሰው እርሻ ከጦም ማደር ያድኑ ነበር። ይህ ደግነት እንጂ መብት አልነበረም፤ ጉዳቱን ካደረሰው ሥራ ጌታ ላይም አንዳች ነገር አይጠይቅም።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ አብራ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል ሆነች። ድርጅቱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተቋቋመ፣ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ጉባኤ የሚቀመጡበት ተቋም ነው። በጊዜው የኢትዮጵያ ዋና ጉዳይ የባሪያ ንግድ ስለነበረ የሥራ ደኅንነት ጥያቄ አልተነሣም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረውም ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ስለ ሥራ ቦታ አደጋ የሚናገረው የመጀመሪያው ዘመናዊ ሕግ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ነው። የፋብሪካ የሥራ ሁኔታ ለሠራተኛው ሕይወትና ጤና አደገኛ እንዳይሆን መንግሥት ደንብ እንዲያወጣና ተቆጣጣሪ እንዲልክ ሥልጣን ሰጠው። አጭር ነው፤ በሥራ የዋለውም በጥቂቱ ነው። ሆኖም አደጋን መከላከል የአሠሪው ግዴታ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈሩ ትልቅ ለውጥ ነበር። በዚያ ዘመን ከጨጨሆ እስከ መካነ ኢየሱስ አንድም ፋብሪካ ስላልነበረ ለወገዳ የደረሰው ነገር የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን በዝርዝር ደነገገ፤ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና እንዲጠብቅ፣ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም እንዲክስ አዘዘ። ቀጥሎ የባቡር፣ የወንጂ ስኳርና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ለዓመታት የታገሉለት የመደራጀት መብት መጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በጥቅምት 1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ። የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎትም በእነዚሁ ዓመታት ተቋቋመ። ማኅበሩ በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ለአራት ቀን አገሩን አናወጠ። ከዚህ ሁሉ የተጠቀመው ግን ቋሚ ሥራና ቋሚ አድራሻ ያለው የከተማ ሠራተኛ ነው። በዓመት ሁለት ወር አንዱ ጋ፣ አንድ ወር ሌላው ጋ የሚሠራ ሰው ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃ ጊዜ የትም አይቆይም።

የወገዳ ሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላ በብዛት መውረድ የጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሰቲት ሁመራ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ ለእርሻው ልማት የዓለም ባንክም ብድር ሰጠ። ትራክተሩ ያርሳል እንጂ አያርምም፤ ሰሊጥም አያጭድም። ለዚህ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉልበት ሠራተኛ ከትግራይ፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ ይወርድ ነበር።

ደገኛው ቆላን የሚፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወላጆቹ ንዳድ ብለው የሚጠሩት የወባ ትኩሳት በመስከረምና በጥቅምት እንደሚበረታ፣ ደጋ ያደገ ሰውነትም እንደማይቋቋመው ከጥንት ያውቁታል። በ1951 ዓ.ም. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል፤ ከተጎዱት መካከል የጣና ዙሪያ ሕዝብ ይገኝበታል። ሁመራ ላይ የገጠመው ሌላ በሽታ ግን ለደገኛው እንግዳ ነበር። ካላዛር ይባላል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰው በምሽትና በሌሊት ነው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚተኛው እዚያው ግራር ሥር፣ እዚያው ዋልካ ላይ ነው። በሽታው ወዲያው አይታወቅም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የማይለቅ ትኩሳት ይጀምራል፤ ሰውነት ይከሳል፣ ደም ያንሳል፣ ጣፊያ አብጦ ሆድ ይነፋል። ካልታከመ ሞቱ የተረጋገጠ ያህል ነው። ሠራተኛው ምልክቱን የሚያየው ብዙ ጊዜ ሥራው አልቆ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሁመራ ጉልበት ሠራተኞች ላይ የታየው ወረርሽኝ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በወቅቱ ይህ በሽታ ከሥራው የመጣ ነው ብሎ አሠሪን የጠየቀ ሕግ አልነበረም።

አብዮቱ ይህን ጉዞ ለጊዜው አቋረጠው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከለከለ፤ የተፈቀደው ለመበለት፣ ለበሽተኛ፣ ለአረጋዊና አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ብቻ ነበር። የሁመራ ባለሀብቶች ተሰደዱ፣ አካባቢው የጦርነት ቀጣና ሆነ፣ የተረፈው እርሻ ወደ መንግሥት ዞረ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 የአሠሪውን የደኅንነት ግዴታ ከቀድሞው አስፍቶ ጻፈ። ነገር ግን የሠራተኛው ማኅበር በመንግሥት እጅ ስለወደቀ፣ አደጋ አለ ብሎ ሥራ ማቆም ምርትን እንደ ማደናቀፍ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። በሕግ የተሰጠው መብት የሚጠየቅበት አንደበት አልነበረውም።

በዚሁ ዘመን ወገዳን ሰንጥቆ የሚያልፈው የወረታ–ወልድያ መንገድ በቻይና እርዳታ ተሠራ። ቴዎድሮስ መድፍ ካስጎተቱበት ብዙም በማይርቅ መስመር፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ ያልፋል። ገደሉ በድማሚት ተሰነጠቀ፤ ለብዙ የጋይንት ወጣት በደመወዝ መሥራት የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ወደ ጎንደርና ከዚያ ወደ ቆላው መጓዝ የእግር ሳይሆን የመኪና ጉዞ ሆነ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እርዳታ የገባው፣ ወደ መተከል ለሠፈራ የተወሰደው ሰውም የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ማንም ልብ ባላለው ቀን፣ አንድ ከባድ ነገር ተፈጸመ። በጥር 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና የማይቀር አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ገለል ቢል፣ በዚህ ምክንያት ሊጎዳ እንደማይገባው ይደነግጋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሠራተኛው ሥራውን እንዲለቅ አይጠበቅበትም። አደጋው እስኪወገድ ይርቃል፤ ሥራው ይጠብቀዋል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ከዚህ የተለየ መንገድ መረጠ። የሠራተኛውን ደኅንነት ወይም ጤና የሚያሰጋ አደጋ መድረሱ የማይቀር መሆኑን አሠሪው እያወቀ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶትም በጊዜው ካላስወገደ፣ ሠራተኛው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል አለ። ይህ መብት በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156ም ጸንቷል። በስምምነቱና በአዋጁ መካከል ያለው ልዩነት ለወገዳው ሠራተኛ ትልቅ ነው። ውሉን ማቋረጥ ማለት ከቤቱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባዶ ኪሱን ጫካ ውስጥ መቅረት ማለት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሆኑ፣ የስምምነቱ አንቀጽ 13 በወረቀት ደረጃ ለዚህ ሰው ይሠራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም የእርሻና የገጠር ሠራተኛን በስም ጠቅሶ የመደራጀት መብት ይሰጣል፤ ለሠራተኛ ሁሉ ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ ይገባዋልም ይላል። የአገሪቱ የበላይ ሕግ ሰሊጥ አጫጁን ከፋብሪካ ሠራተኛው እኩል ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሰሊጥ እርሻ እንደገና ለባለሀብት ተከፈተ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ እስከ መሆን ደረሰ። መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆና ሁመራ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጉልበት ሠራተኛ መሳብ ጀመሩ፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚወርደው ከእነዚህ መካከል ብዙ ነው። ጉዞው ሁለት ወቅት አለው። ለአረም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወረዳል፤ ለአጨዳ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር።

ሠራተኛው ገንዳ ውኃ፣ ኮኪት፣ ሽንፋ ወይም አብደራፊ ሲደርስ ደላላና አሠሪ ይጠብቁታል። ዋጋ ይቆረጣል፤ ውሉ በቃል ነው። ከዚያ በጭነት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ እርሻው ካምፕ ይሄዳል። ካምፕ የሚባለው ብዙ ጊዜ በቅርንጫፍና በላስቲክ የተሠራ ዳስ ነው፤ መኝታው መሬት ላይ የተነጠፈ ማዳበሪያ ነው። ውኃ በበርሜል ይመጣል፤ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ የሚጠይቅ የለም። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተሰንጥቆ ከመርገፉ በፊት መታጨድ፣ ነዶው ታስሮ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የቀኑ ሙቀት ስለማያሠራ ሌሊት በጨረቃ የሚያጭድ ብዙ ነው። ሌሊት ደግሞ የወባ ትንኝና የአሸዋ ዝንብ ሰዓት ነው፤ እባብም የሚነድፈው ያን ጊዜ ነው። አረምና ተባይ ለማጥፋት የሚረጨውን ኬሚካል ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የሚረጭ ሰው፣ በዚያው እጁ እንጀራ ይቆርሳል። እንዲህ ዓይነቱን ኬሚካል የሚመለከተው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው።

ሕጉ ለዚህ ሰው ምን ይሰጠዋል? በጽሑፍ ካየነው ብዙ። ውል በቃል ቢሆንም ይጸናል፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። አሠሪው ለሥራው ባዘጋጀው ወይም በተከራየው መኪና ላይ የሚደርስ አደጋም የሥራ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ያ አይሱዙ ቢገለበጥ ጉዳዩ የዕድል ሳይሆን የካሳ ነው። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ተጎጂውን ወደ ቅርብ ሕክምና ማድረስ፣ ለሕክምናው መክፈል፣ ቢሞት የቀብሩን ወጪ መሸፈን ይገደዳል። ሥራ መሥራት ለማይችልበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ይከፈላል፤ ቢሞትም ጥገኞቹ በዚሁ ልክ ያገኛሉ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ሠራተኛ ተጎድቶ በዕርቅ ስም በሚሰጠው የመመለሻ ትራንስፖርት አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሕጉ ትልቁ ጉድለት ግን አለማወቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም አንድ ነገር ለይቶ ያስወጣል። ሥራው በሚከናወንበት አካባቢ ያሉና እዚያው የሚይዙ ነባር ወይም ወረርሽኝ በሽታዎች በሥራ ምክንያት እንደመጡ አይቆጠሩም፤ ከዚህ የተለዩት ሥራቸው እነዚያን በሽታዎች መዋጋት የሆነ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ለአንድ የአዳማ ወይም የባሕር ዳር ፋብሪካ ይህ ምክንያታዊ ሊመስል ይችላል፤ ሠራተኛው ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚያመው ጉንፋን የአሠሪው ዕዳ አይደለም። ወደ መተማ ለወረደ የጉና ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በመንደሩ ወባም ካላዛርም አልነበረም። ያገኘው ሥራው ስለወሰደው፣ አሠሪው ባስተኛው ቦታ፣ አሠሪው ባሠራው ሰዓት ነው። ሕጉ ማጭድ ለቆረጠው ጣት ይክሳል፤ ከዚያ ሥራ የሚመጣውን ዋነኛ ገዳይ ግን ከደጃፍ ይመልሳል።

በሽታው ምን ያህል ከሥራ ጋር እንደተሳሰረ በ1997 ዓ.ም. ገሃድ ወጣ። ከወገዳ በስተምዕራብ፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም፣ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር የታከመው። በግንቦት ወር ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ቡራና ይፋግ ክፉኛ ተጎዱ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፍቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ሕሙማንን አከመ፤ ከታከሙት ከ100 ሰዎች 4 ያህሉ ሞቱ። በሽታው ወደ ደጋው የደረሰው ከሁመራና ከመተማ በተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የአሠሪው ቸልተኝነት ያስከተለው ጉዳት ሠራተኛውን አልፎ ቤተሰቡንና መንደሩን እንደሚያጠቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። መከላከያው ደግሞ ውድ አይደለም፤ አጎበር፣ ከግራርና ከዋልካ ስንጥቅ የራቀ መኝታ፣ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ ምርመራ።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ተካተቱ። የምግብ ዋስትና የሌለው አባወራ በበጋ ወራት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ምንጭ ያጎለብታል፤ በምትኩ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። የሥራው መጠን ለአንድ ተጠቃሚ በወር 5 ቀን ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ አረጋዊና ሕመምተኛ ሳይሠሩ ይረዳሉ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሠራተኛው ግን በፕሮግራሙ አሠራር ተጠቃሚ እንጂ ተቀጣሪ አይባልም። ድንጋይ ሲፈነቅል እግሩ የተሰበረ ተጠቃሚ እንደ ተቀጣሪ የ5 እጥፍ ካሳ የሚጠይቅበት አሠሪ የለውም።

በ2000ዎቹ የአገሪቱ የደኅንነት ደንቦች እየተሟሉ ሄዱ። በ2000 ዓ.ም. የሙያ ደኅንነትና ጤንነት መመሪያ፣ በ2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አደረገ፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችንም ከአደገኛ ሥራ ከለከለ። አሠሪው አደጋውን ለሠራተኛው የማስረዳት፣ መከላከያ መሣሪያ በነፃ የማቅረብ፣ የደኅንነት ኃላፊ የመመደብ፣ አደጋን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ የመግባት ሥልጣን አለው። ይሁንና ተቆጣጣሪ የሚደርሰው መኪና በሚገባበት፣ ሠራተኛው በተመዘገበበት ቦታ ነው። ዝናብ መንገዱን በዘጋበት ወቅት፣ በሽንፋ ማዶ ባለ የሰሊጥ እርሻ ዳስ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር የሚያውቀው አሠሪው ብቻ ነው። ማኅበር ለማቋቋም ዛሬ 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ አንድ ካምፕ ውስጥ ከዚያ በላይ ሰው ያድራል፤ ግን ማኅበሩ እስኪመዘገብ ሰሊጡ ታጭዶ ሰዉ ተበትኗል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳ ለጉልበት ሠራተኛው ሌላ ዓይነት ሞት መጣ። ጥቅምት 30 ቀን በማይካድራ ብዙ የአማራ ተወላጅ ነዋሪዎችና ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመነሻ ሪፖርቱ የሟቾቹን ቁጥር በትንሹ 600 ሲገምት፣ ኮሚሽኑ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ያካሄደው የጋራ ምርመራ ከ200 በላይ መሆኑን አረጋግጧል፤ ከዚያ በኋላም በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙን መዝግቧል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ራሱን አደጋ አድርጎታል። ሰዉ ግን ችግር ስለሚያስገድደው ዛሬም ይወርዳል።

በ2014 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተቀየሩ። በመጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ አዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሸጋገረ። በሰኔ ወር ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አደረገው፤ ስምምነት ቁጥር 155ንም መሠረታዊ ስምምነት ብሎ ሰየመው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ካጸደቀች ያኔ 31 ዓመት አልፏታል።

የቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ነባርና ወረርሽኝ በሽታን ከካሳ የሚያስወጣው ድንጋጌ ቢያንስ ከደጋ ወደ ቆላ ተወስደው ለሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች መሻር አለበት። አደጋ ሲያይ ገለል ያለ ሠራተኛ ደመወዙንና መመለሻውን ሳያጣ ሥራው እንዲጠብቀው፣ የስምምነቱ አንቀጽ 13 በአዋጁ ውስጥ መጻፍ አለበት። አጎበር፣ ንጹሕ ውኃና ከዋልካ የራቀ መኝታ የሌለው ካምፕም በአጨዳ ወቅት ሠራተኛ መቀበል የለበትም። ይህ እስኪሆን፣ ከነፋስ መውጫ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ መተማ ላይ ካላዛር የያዘው ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት በሥራ ምክንያት የታመመ አይባልም።